ሰዎቹ የት ሄዱ?

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የቤተሰብ ወዳጅ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ስትመጣ እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና አንድ ካሴት ላከችልኝ። በርበሬውና ሽሮው ሁልጊዜም ይመጣሉ። ካሴቱ ግን አዲስ ነገር ነበር። ካሴት አይታችሁ ለማታውቁ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ድምፅ የሚቀዳው ውስጡ በተጠቀለለው ቀጭን ቡናማ ክር ላይ ነው። ልጅ ሳለን ክሩ ሲላላ ቀዳዳው ውስጥ እስክሪብቶ አስገብተን እናጠነጥነው ነበር።

ካሴቱ ላይ ያለው የእናቴና የአባቴ መልስ ነው። መልስ ማለት ከሠርጉ በኋላ የሙሽራዋ ቤተሰብ ሙሽሮቹን ጠርቶ የሚደግሰው ድግስ ነው። ጊዜው 1979 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆች አቆጣጠር 1987 መሆኑ ነው። አጎቴ ቴፑን መስኮት ላይ አስቀመጠና መቅጃውን ተጭኖ እዚያው ረሳው። በዚህ ምክንያት አንድ አዝማሪ በማሲንቆ ሲጫወት፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ ሳህን ሲንኳኳ፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ የካሴቱ አንድ ገጽ እስኪያልቅ 30 ደቂቃ ያህል ተቀድቷል።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ጀርመን የመጣሁት ለማስተርስ ትምህርት ነበር፤ ከዚያ ሥራ አግኝቼ ቀረሁ። የምሠራው ሰዎች በኢንተርኔት ሲደዋወሉ ድምፃቸው ጥርት ብሎ እንዲሰማ በሚያደርግ ፕሮግራም ላይ ነው። ስብሰባ ላይ ሳላችሁ ጎረቤት ግድግዳ ሲቦረቡር ሌሎቹ ካልሰሙት፣ እንደኛ ያሉ ሰዎች ሥራ ነው። ፕሮግራሙን ያስተማርነው በቀላሉ እንዲህ ብለን ነው፦ ለማይክሮፎኑ ቅርብ የሆነው የሰው ንግግር ይቆይ፣ ሌላው ይጥፋ። ጭብጨባ ለኮምፒውተር ከዝናብ ድምፅ ብዙም አይለይም። እልልታ ደግሞ ቃል የለውም። ስለዚህ እንደ ንግግር አይቆጠርም፤ ይጣላል።

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩትና በዚሁ በምኮራበት መሣሪያ አጸዳሁት። የክሩ ሹሹታ ጠፋ፤ የሳህኑ ኳኳታ ጠፋ። የአዝማሪው ድምፅ ትናንት የተቀዳ መሰለ። ደስ ብሎኝ በቴሌግራም ለእናቴ ላክሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወለች።

«ሰማሁት ልጄ። ጥሩ ነው።» ትንሽ ዝም አለች። «ግን ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ ሰዎች እማዬ?»

«አዝማሪው ብቻውን ነው እኮ የሚዘፍነው። የአባትህ ጓደኞች ግጥም ሲሰጡት ነበር። እናቴ እልል ስትል ነበር።»

አዝማሪ ሲጫወት ካላያችሁ ይህ ላይገባችሁ ይችላል። ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ «ተቀበል!» ይላል፤ ከዚያ ግጥም ይናገራል። አዝማሪው ያንን ግጥም ተቀብሎ በዜማ ይዘፍነዋል። ግጥሙ ሙሽራውን ሊያወድስ፣ ሚዜውን ሊነካ ወይም የጎረቤትን ስስት ሊገልጥ ይችላል። ስለዚህ ዘፈኑ የአዝማሪውም የእንግዶቹም ነው። በእኔ ፋይል ላይ ግን ሰጪው ጠፍቶ ተቀባዩ ብቻ ቀርቷል። አዝማሪው ማንም ምንም ሳይለው «እሺ» እያለ ይዘፍናል።

አያቴ የሞተችው እኔ የ4 ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ድምፅዋን አላስታውሰውም። በእጄ የገባውን ብቸኛ ድምፅዋን ራሴ በጻፍኩት ፕሮግራም አጠፋሁት ማለት ነው። ያልጸዳው ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ስለነበር አትደንግጡ፤ እመለስበታለሁ። እኔ ግን ያን ቀን ደንግጬ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ለዓመታት ስወዳቸው የቆዩ የላይቭ አልበሞችን እንደገና መስማት ጀመርኩ። የላይቭ አልበም ማለት በስቱዲዮ ሳይሆን ሕዝብ ፊት፣ መድረክ ላይ የተቀዳ አልበም ነው። በፊት የምሰማው ዘፋኙን ነበር። አሁን የምሰማው ሕዝቡን ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሙዚቃ ወዳጅ የሆነ ሰው ሁሉ ሊሰማቸው ይገባል የምላቸውን ላውራችሁ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በጄምስ ብራውን ልጀምር። በ1962 ብራውን ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ በሚገኘው አፖሎ ቲያትር የሚያቀርበው ዝግጅት እንዲቀዳ ፈለገ። የሸክላ ኩባንያው ባለቤት ሲድ ናታን አልስማማ አለ። ምክንያቱ ለነጋዴ ያስኬዳል፦ አዲስ ዘፈን የለበትም፤ ሰው ቀድሞ የገዛውን ዘፈን ከነጩኸቱ ደግሞ ለምን ይገዛል? ብራውን ከራሱ ኪስ ከፍሎ ኦክቶበር 24 ቀን አስቀዳው። አልበሙ በ1963 ወጣና በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ፤ ሰንጠረዡ ላይም 66 ሳምንት ቆየ። ሬዲዮ ጣቢያዎች አንድ ዘፈን መርጠው ከማጫወት ይልቅ የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉውን ያስተላልፉት ነበር።

አልበሙ በሙሉ ከ30 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። መሐሉ ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ የሚሄድ አንድ ዝግ ያለ ዘፈን አለ። ብራውን አንድ ነገር ይላል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፤ ይጠብቃል፤ ዝቅ አድርጎ ደግሞ ይላል፣ አሁንም ይጮኻሉ። ባንዱ ከኋላ እዚያው ላይ ይሽከረከራል። ጩኸቱን አውጡትና የሚቀረው አንድ ሰው ራሱን እየደጋገመ ነው። ሲድ ናታን ጩኸቱን የዕቃው እንከን አድርጎ ነበር የቆጠረው። እኔም እንደሱ አስቤ ነበር።

እግረ መንገዴን፣ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ይባሉ የነበሩት ዓለማየሁ እሸቴ ናቸው። በ2021 አርፈዋል። ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን መድረክ ላይ አይተዋቸው እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃችሁ አንድ ሰዓት ታዳምጣላችሁ።

ሳም ኩክ ከጄምስ ብራውን በ3 ወር ተከትሎ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1963፣ ማያሚ ውስጥ ሃርለም ስኩዌር በሚባል ክለብ ዘፈነ። ኩክን የምታውቁት በለስላሳ ድምፁ ከሆነ ይህን አልበም ስትሰሙ ሌላ ሰው ይመስላችኋል። ድምፁ ይሻክራል፤ ሕዝቡ በጥቁሮች ሰፈር ያለ የቅዳሜ ማታ ሕዝብ ነው፤ አብሮት ይዘፍናል። ኩባንያው ቅጂውን ለኩክ ስም የማይስማማ ሻካራ ነገር አድርጎ ቆጠረውና መጋዘን ውስጥ አስቀመጠው። በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ኮፓካባና በሚባል ውድ ክለብ የተቀዳውን ጨዋ አልበም ግን አወጣ። ኩክ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሞተ። የማያሚው ቅጂ የወጣው በ1985 ነው። ጊዜ ካላችሁ ሁለቱን አልበሞች አከታትላችሁ ስሟቸው። ዘፋኙ አንድ ነው፤ የተለወጠው ፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው።

በሙያዬ ምክንያት ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የዱክ ኤሊንግተን አልበም ነው። ጁላይ 7 ቀን 1956፣ በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ከተማ የጃዝ ፌስቲቫል ነበር። ኤሊንግተን 57 ዓመቱ ነው። የትልልቅ ባንዶች ዘመን አልፏል፤ እሱም ያለፈበት ሰው ተደርጎ ይታይ ነበር። ተራው የደረሰው በጣም መሽቶ፣ አንዳንዱ ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ሲጀምር ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈውን አንድ ረጅም ብሉዝ ጀመረ። መሐሉ ላይ ፖል ጎንሳልቬስ በቴነር ሳክስፎን ብቻውን እንዲጫወት ቦታ ለቀቀለት። ጎንሳልቬስ የብሉዙን ዙር ሳያቋርጥ 27 ጊዜ ዞረበት። በ7ኛው ዙር አካባቢ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነስታ መደነስ ጀመረች። ከዚያ ሌሎች ተነሡ፤ ከዚያ በሺዎች የሚቆጠረው ሕዝብ ወንበር ላይ ወጣ። የፌስቲቫሉ አዘጋጅ ረብሻ ይነሣል ብሎ ፈርቶ ኤሊንግተንን እንዲያቆም በምልክት ይለምነው ነበር። አላቆመም።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበር። መድረኩ ላይ የሁለት ድርጅቶች ማይክሮፎኖች ነበሩ። አንዱ አልበሙን የሚቀዳው የኮሎምቢያ ነው። ሌላው የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ነው፤ አዎ፣ ብዙ ወላጆች በአማርኛ ሲያዳምጡት የኖሩት ያው ሬዲዮ። ጎንሳልቬስ በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል የተጫወተው ወደ ተሳሳተው ማይክሮፎን፣ ወደ ሬዲዮው ማይክሮፎን ዞሮ ነበር። በኮሎምቢያ ቴፕ ላይ የሌሊቱ ትልቁ ነገር ከሩቅ፣ ከባንዱ ኋላ ነው የሚሰማው። በዚያ ላይ ኤሊንግተን በሌሎቹ ቁርጥራጮች አልረካም ነበርና ባንዱ ስቱዲዮ ገብቶ አንዳንዱን እንደገና ተጫወተ። ኩባንያው በላዩ የሕዝብ ጭብጨባ ለጠፈበትና አልበሙን «ኤሊንግተን በኒውፖርት» ብሎ አወጣው። ኤሊንግተን በሕይወቱ ከሸጣቸው አልበሞች ሁሉ የበለጠ የተሸጠው ይህ ሆነ። በዚያው ኦገስት ምስሉ ታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ግማሹ የተቀጠፈ አልበም ነበር የሚቀርልን። ነገር ግን በ1990ዎቹ የሬዲዮው ቴፕ ተገኘ። ሁለቱ ቴፖች በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ መድረክ፣ ከተለያየ ቦታ የተቀዱ ናቸው። ልክ እንደ ሁለት ጆሮ ማለት ነው። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አድርገው አጣመሯቸውና በ1999 ሙሉው ዝግጅት በስቴሪዮ ወጣ። ቀላል አይምሰላችሁ። ሁለት የቴፕ ማጫወቻዎች መቼም በእኩል ፍጥነት አይሄዱም፤ አንዱ በሰከንድ ክፍልፋይ ሲቀድም ድምፁ ይደበላለቃል። እያንዳንዷን ቁራጭ ከጓደኛዋ ጋር ማስተካከል ነበረባቸው። የ1999ኙን ስትሰሙ ጎንሳልቬስ አጠገባችሁ ነው። ሕዝቡም እውነተኛው ሕዝብ ነው። ዙር በጨመረ ቁጥር እንዴት ከጉምጉምታ ወደ ጩኸት እንደሚያድግ በግልጽ ይሰማል። የምትፈልጉት የ1999ኙን ነው፤ የድሮውን አትግዙ።

ኤሊንግተን ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ ከባንዱ ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሜዳይ ሸልመውታል፤ በቆይታው ሙላቱ አስታጥቄ አብረውት ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ላይ አረፈ።

የተለጠፈ ጭብጨባ ካነሣሁ አይቀር ጆኒ ካሽን ልጥቀስ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፎልሰም እስር ቤት ገብቶ ለእስረኞች ዘፈነ። የመጀመሪያው ዘፈን ውስጥ ስለ ሰው መግደል የሚናገር ስንኝ አለ። አልበሙ ላይ ስንኙ እንዳለቀ እስረኞቹ ሆ ብለው ይጮኻሉ። አድማጭን ያቁነጠነጠ፣ ብዙ የተወራለት ጩኸት ነው። እስረኞቹ ግን በዚያች ቅጽበት አልጮኹም። ጠባቂዎች ፊት ቆመው እንዲህ ባለ ነገር ላይ መጮህ የሚደፈር አልነበረም። ጩኸቱ ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። እኛ እውነተኛውን ሕዝብ እናጠፋለን፤ እነሱ ያልነበረውን ሕዝብ ፈጠሩ። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

አልበሙን ግን አልጠላሁትም። በመሐል የእስር ቤቱ ድምፅ ማጉያ እስረኞችን ሲጠራ ትሰማላችሁ፤ ያ እውነተኛ ነው። የመጨረሻውን ዘፈን የጻፈው ግሌን ሸርሊ የሚባል እስረኛ ነበር። ካሽ ዘፈኑን የሰማው ከዝግጅቱ በፊት በነበረው ማታ ነው። ሸርሊ ዘፈኑ ሲዘፈን ከፊት ተቀምጦ ይሰማ ነበር። (ለወላጆች፦ አንዳንዱ ቃልና ታሪክ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም።)

አሪታ ፍራንክሊን በጃንዋሪ 1972 ሁለት ሌሊት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የጎስፔል መዝሙር ዘመረች። ከእሷ ጋር ቄስ ጀምስ ክሊቭላንድና መዘምራኑ ነበሩ። ከዚያ የወጣው «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው አልበም ከሥራዎቿ ሁሉ በብዛት የተሸጠው ነው። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ቀላል ነው። በየትኛውም የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ጥግ ተቀምጣችሁ ካደጋችሁ፣ መዝሙሩ ሲጋል ከኋላ እልልታው እንዴት እንደሚነሣ ታውቁታላችሁ። እዚያም እንደዚያው ነው። ድምፅዋ ከፍ ሲል ምዕመኑ ይመልስላታል፤ እሷም ከመልሱ ጉልበት አግኝታ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። በስቱዲዮ አልበሞቿ ላይ እዚያ ቦታ ደርሳ አላውቅም።

ዝግጅቱ በፊልምም ተቀርጾ ነበር። ፊልም ሲቀረጽ ከካሜራው ፊት ሁለት እንጨት «ቀጭ» የሚያደርጉት ለጌጥ አይደለም። ኋላ ላይ ድምፁንና ምስሉን የሚያገጣጥሙት በዚያች «ቀጭ» ነው። በዚያ ሌሊት ግን ይህን አላደረጉም። ብዙ ሰዓት ምስል አለ፣ ብዙ ሰዓት ድምፅ አለ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ የለም። ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ከ46 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ አሪታ ከሞተች በኋላ ነው። ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ስትዘምር አባቷ መጥተው በመሐረብ ላብዋን ሲጠርጉላት ይታያል። ሰባኪ ነበሩ፤ ልጃቸውን ያሳደጉት ይህን ሲያዘምሩ ነው። አልበሙን ቀድማችሁ ስሙ፣ ፊልሙን ከዚያ እዩ።

ቦብ ማርሊን በአጭሩ። «ኖ ውማን ኖ ክራይ» የሚለውን ዘፈን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በ1974 በስቱዲዮ የተቀዳውን አይደለም። በጁላይ 1975 ለንደን ውስጥ ላይሲየም ቲያትር የተቀዳውን ነው። የስቱዲዮው ፈጠን ያለና አጭር ነው፤ ስሙትና ፈገግ ትላላችሁ። የለንደኑ ላይ ኦርጋኑ ሲጀምር ማርሊ ገና አፉን ሳይከፍት ሕዝቡ ይዘፍናል። እሱ የደረሰው ተጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ስነግረው በኪት ጃሬት ሞገተኝ። ጃሬት በጃንዋሪ 1975 ኮሎኝ በሚገኘው ኦፔራ ቤት አንድም ኖታ ሳይጽፍ ከአንድ ሰዓት በላይ ፒያኖ ተጫውቷል። ዝግጅቱን ያሰናዳችው የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። የቀረበለት ፒያኖ ግን የተጠየቀው አልነበረም። ትንሽ፣ ከፍተኛው ድምፁ የቀጠነ፣ ባሱ የደከመ ነበር። ሊተወው ደርሶ ነበር፤ በስተመጨረሻ ተጫወተ። በብቸኛ ፒያኖ ከተቀዱ አልበሞች ሁሉ በብዛት የተሸጠው ይህ ነው ይባላል። ጓደኛዬ «እዚያ ላይ ሕዝቡ ዝም ብሏል፤ ታዲያ ምን ትላለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ዝምታውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ከባዶ ክፍል ዝምታ ጋር አንድ አይደለም። ደግሞም የእኛ ፕሮግራም ጃሬት እየተጫወተ የሚያሰማውን ማቃሰት ጠብቆ ፒያኖውን ሊያጠፋው ይችላል፤ ቅርቡ የሰው ድምፅ እሱ ነውና። ሞክሬው አላውቅም፤ አልሞክረውምም።

ከእኛ ሀገርስ? «ኢትዮፒክስ» የተባለው የሲዲ ተከታታይ አለ፤ ብዙዎቻችሁ ቤት ሳይኖር አይቀርም። 20ኛው ቁጥር በጃንዋሪ 2004 አዲስ አበባ ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳ ነው። ባንዱ ኢዘር ኦርኬስትራ ይባላል፤ የመጣው ከአሜሪካ፣ ከቦስተን አካባቢ ነው። የኢትዮጵያን የድሮ ዘፈኖች ሰምተው ወደዷቸው፣ አጠኗቸው፣ ከዚያ ይዘዋቸው ወደ ባለቤቶቹ መጡ። ሙላቱ አስታጥቄም ጌታቸው መኩሪያም አብረዋቸው ተጫውተዋል። ጌታቸው በ2016 ያረፉ የሳክስፎን ሰው ናቸው፤ ሽለላን፣ ማለትም የጦር ሜዳ ፉከራን፣ በሳክስፎን እንዲናገር ያደረጉ ናቸው። አንድ የቦስተን ሰው የእናቴን ዘመን ዜማ አዲስ አበባ ሰው ፊት ሲጫወት ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስቡት። ጭብጨባውን በዚያ ጆሮ ስሙት።

ነገር ግን ከወላጆቻችን ዘመን በመድረክ የተቀዳና በሱቅ የተሸጠ አልበም ስፈልግ ያገኘሁት ጥቂት ነው። ከዚያ ዘመን እጄ የገባው አብዛኛው ስቱዲዮ የገባው ነው። የቀረው መሳቢያ ውስጥ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ልደት፣ ወደ ውጭ ሀገር ለሄደ ልጅ በድምፅ የተላከ ደብዳቤ። በዱባይም በዋሽንግተንም በቴል አቪቭም ባሉ ቤቶች ቁም ሣጥን ላይ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ አለ። የካሴት ክር ደግሞ በየዓመቱ ይዳከማል።

ቤታችሁ ካለ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ከካሴቱ ጫፍ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ስበሩ፤ በስሕተት በላዩ እንዳይቀዳበት። ደህና የሚሠራ ማጫወቻ ተዋሱ፣ በሽቦ ከኮምፒውተሩ የድምፅ ማስገቢያ ጋር አገናኙና አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ቅዱት። ኮምፒውተሩ «ድምፁን ላጽዳልህ?» ቢላችሁ እምቢ በሉ። ፋይሉን በዌቭ አስቀምጡ፤ ኤምፒስሪ ትንንሽ ድምፆችን ቦታ ለመቆጠብ ይጥላል። ማጽዳት ካማራችሁ ኋላ በሌላ ቅጂ ላይ አድርጉት። ከዚያ ደግሞ ድምፆቹን የሚያውቅ ሰው በሕይወት እያለ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አሰሙት።

እኔ ያልጸዳውን ፋይል ለእናቴ የላክሁት በማግስቱ ነው። ቅዳሜ ዕለት በቪዲዮ ደወልኩላትና አብረን ሰማነው። እሷ በአዲስ አበባ፣ እኔ በፍራንክፈርት፣ የድምፅ ማጽጃውን ከሁለታችንም በኩል አጥፍቼ። በየመሐሉ «አቁመው፣ አቁመው» ትለኛለች። ይህ እገሌ ነው፤ ይቺ የጎረቤታችን ልጅ ነች፤ አሁን አሜሪካ ነው ያለችው። ግጥም የሚሰጠው የአባትህ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ አንደበቱ አይጣል ነው። በ11ኛው ደቂቃ ላይ ከአዝማሪው በላይ አንድ ረጅም እልልታ ተነሣ። ከሌሎቹ ቀድሞ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ሲያቆሙም አያቆምም።

«እሷ ነች» አለች እናቴ።

ሦስት ጊዜ መልሰን ሰማነው። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ወንድ ከት ብሎ ይስቃል።

«ይሄስ ማን ነው እማዬ?»

«አባትህ ነዋ!»

አባቴ ከኋላ፣ ካሜራው ውስጥ ሳይገባ፣ «እኔ እንዲህ አልስቅም» አለ። እናቴ ሳቀች። ያን ጥሪ ቀድቼዋለሁ። ሦስታችንም አለንበት፤ የጎረቤት ውሻም ጭምር።